ሄርማታ ያለችው አበባ ቤት እና የዴዚዋ ካርድ

ጅማ ላይ አበባ መግዛት ድሮ ትልቅ ጣጣ ነበር። ሠርግ ወይም ምርቃት ሲደርስ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው አደራ ማለት ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ተንገላቶ፣ የጊቤን በረሃ ሙቀት ችሎ የሚደርስ ጽጌረዳ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል። አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመጣው።

አሁን ሄርማታ አካባቢ አንዲት ትንሽ አበባ ቤት አለች። ከተከፈተች ሁለት ዓመት አልፏታል። ባለቤቷ «ስሜን ተይው ቲቸር» ስላለችኝ ስሟን አልጽፍም። ከመርካቶ ወደ አዌቱ አቅጣጫ ስትወርዱ በሯ ላይ ሰማያዊ ባልዲ የተደረደረባት ናት። አትጠፋችሁም።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። እስካሁን አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ገዝቼባታለሁ። ስለ ጽጌረዳዋ ሌላው ይጻፍ። እኔ የምጽፈው ስለ ዴዚዋ ነው፤ ከዚች ልጅ ጋር ያወዳጀን እሱ ስለሆነ።

ቤቷ ጠባብ ናት። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ ይጠብቃል። ፍሪጅ የላትም። ባልዲዎቹን በእርጥብ ጆንያ ሸፍና፣ ጥላው ወደሚያርፍበት ጥግ እያዞረች ነው የምታቆያቸው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይሄ ከፍሪጅ ሳይሻል አይቀርም። አበባው ከአዲስ አበባ ማክሰኞና ዓርብ ይገባል። ከጓሮዋ የምትቆርጠውም አለ፤ በጣሳ የምትሸጠው ችግኝም አለ።

እዚች ቤት ልዩ ሆኖ ያገኘሁት ካርዶቿን ነው። እያንዳንዱ ባልዲ ላይ በክር የታሰረ የመዳፍ ስፋት ያለው ካርድ አለ። የአበባው ስምና ትርጉም በእጅ ጽሑፍ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተጽፎበታል። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን የዴዚው ካርድ እንዲህ ይላል፦ «ዴዚ። ንጽሕና፣ የልጅ ልብ፣ ታማኝ ፍቅር። ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል።»

አላስቻለኝም። «ይሄኛው እኮ ማታ አይዘጋም» አልኳት።

«እንዴት? ኢንተርኔት ላይ እንደዛ ነው ያለው።»

ኢንተርኔቱ አልዋሸም። የሚያወራው ግን ስለ ሌላ አበባ ነው። ዋናው ዴዚ አውሮፓ ሣር መሐል የሚበቅል፣ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ነጭ አበባ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ቤሊስ ፔሬኒስ ይባላል። ፀሐይ ስትወጣ ይገለጣል፣ ሲመሽ የአበባ ቅጠሎቹን ሰብስቦ ይተኛል። «ዴዚ» የሚለው ስም ራሱ ከጥንት እንግሊዝኛ የመጣ ነው፤ «የቀን ዓይን» ማለት ነው። ንጽሕና የሚለው ትርጉም የተሰጠው ለዚያ፣ ከጨለማ ጋር ለማይውል አበባ ነው። እንግሊዞች «በአንድ እግርህ ሰባት ዴዚ ከረገጥክ በጋው ደረሰ» የሚል አባባል አላቸው፤ ቁጥሩን ዘጠኝ የሚያደርጉትም አሉ። እኛ አገር አበባ ቤት ውስጥ ግን ያንን አበባ አታገኙትም። ተቆርጦ የሚሸጥ ዓይነት አይደለም።

እሷ ቤት «ዴዚ» የሚባሉት ሦስት ናቸው። አንደኛው ባልዲ ውስጥ ያለው የዴዚ መልክ ያለው ክራይሰንተመም ነው። ሁለተኛው ጀርበራ ነው፤ ትልልቁ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ሮዝ። የዘር ሐረጉ ከደቡብ አፍሪካ ነው። ሦስተኛው ጓሮዋ የሚበቅለው ሻስታ ነው። ሉተር በርባንክ የሚባል አሜሪካዊ የተለያዩ ዘሮችን እያዳቀለ ዓመታት ለፍቶበት በ1901 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ለገበያ ያወጣው ነው። ሦስቱም የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። በነገራችን ላይ አደይ አበባም፣ ኑግም፣ ሱፍም፣ ግራዋም፣ ሰላጣ እንኳን ሳይቀር የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

ይሄን ስነግራት አላመነችኝም። ስለዚህ አንድ አንገቱ የተቆረጠ ዴዚ ስጪኝ አልኳት። ጠረጴዛዋ ላይ ጋዜጣ ዘረጋሁና ቢጫውን መሐሉን በጥፍሬ ሰነጠቅኩት። የስልኳን መብራት አበራችልኝ። ቢጫው እንደ ጤፍ ተበተነ። አንዷን በመርፌ ጫፍ አነሳሁላት። አምስት ጫፍ ያላት፣ የራሷ ዱቄት ያላት፣ ሙሉ አበባ ናት። ከዚያ ዙሪያውን ካለው ነጭ የአበባ ቅጠል አንዱን ነቅዬ የታችኛውን ጫፍ አሳየኋት። እሱም ለብቻው አንድ አበባ ነው። አንድ ዴዚ የምንለው እንግዲህ አንድ አበባ አይደለም፤ በአንድ መሶብ ዙሪያ የተቀመጠ ማኅበር ነው።

ልጅቱ አጎንብሳ ብዙ አየች። «እስከ ዛሬ አንዱን ፍሬ 35 ብር ስሸጥ መቶ አበባ ነበር የምሰጠው ማለት ነው» አለች።

በሳምንቱ ስመለስ ካርዱ ተቀይሯል። «ዴዚ መሳይ ክራይሰንተመም። ማታ አይዘጋም። ንጽሕና የሚለው ትርጉም የአውሮፓው ትንሹ ዴዚ ነው፤ ይሄ ዘመዱ ነው።» በዚያ ቀን ነው ደንበኛዋ የሆንኩት። ስህተቷን ደንበኛ ፊት ለማረም ያላፈረች ነጋዴ ብዙ አልገጠመችኝም።

ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ቤቷ በሴት ተማሪዎች ይሞላል። የተሰበሩ አበቦችን በሳህን አድርጋ በነጻ ታስቀምጥላቸዋለች። ለምን እንደሚፈልጉት መገመት አያቅትም። «ይወደኛል፣ አይወደኝም» እያሉ አንድ በአንድ ይነቅላሉ። ጨዋታው ከፈረንሳይ ነው የመጣው። ፈረንሳዮች አበባውን ማርገሪት ይሉታል፤ ስሙ ሉል ከሚል የግሪክ ቃል ነው የወጣው። እንደሚባለው ከሆነ የእነሱ ቆጠራ ከእኛ ረዘም ይላል፤ «ትንሽ፣ ብዙ፣ በጣም፣ እስከ እብደት» እያለ ይሄድና ነው መጨረሻ ላይ «ጭራሽ» የሚለው። እኔ ይሄ የፈረንሳዮቹ ይሻለኛል። ፍቅር መቼ አዎና አይደለም ብቻ ሆኖ ያውቃል?

አንድ ቀን ልጆቹን አስቆጠርኳቸው። የዴዚ ቤተሰብ የቅጠል ቁጥር እንዲሁ በዘፈቀደ አይመጣም። ብዙ ጊዜ 13፣ 21፣ 34 አካባቢ ይውላል። ሁለቱን ተከታታይ ቁጥሮች ስትደምሩ ቀጣዩን የሚሰጥ የቁጥር ሰልፍ አለ፤ አበባው ያንን ነው የሚከተለው። 21 ቅጠል ያለው ካጋጠማት በ«ይወደኛል» የጀመረች ልጅ በ«ይወደኛል» ትጨርሳለች። 34 ከሆነ አለቀላት። አንዷ ልጅ ይሄን ከሰማች በኋላ መጀመሪያ ቆጥራ ነው የምትነቅለው።

አሁን ስለ እህቴ ልጻፍ። ይሄን ጽሑፍ የጀመርኩት በእሷ ምክንያት ነው።

ታናሽ እህቴ የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ወልዳ ሳታቅፈው ቀረች። ወንድ ነበር። እንዲህ ላለ ሐዘን እኛ ዘንድ ድንኳን አይጣልም፣ ሠልስት አይወጣም። «እግዜር ሌላ ይሰጥሻል» ይባልና ይታለፋል። እኔም ያንኑ ነው ያልኳት። ከዚያ በኋላ ስለ እሱ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም።

ዘንድሮ ጥር ላይ ሴት ልጅ ወለደች። ሰማንያዋ ሚያዝያ ላይ ደረሰና ክርስትና ተነሣች። አራስ ጥየቃ ቅቤና የገንፎ እህል ይዤ ሄጃለሁ። ለክርስትናው ግን አበባ ይዤ ልሂድ አልኩ። አበባ ቤት ገብቼ «ደስ የሚል ሮዝ ነገር አድርጊልኝ» አልኳት።

«ለማን ነው ቲቸር?»

ይቺ ልጅ ዋጋ ከመናገሯ በፊት ሁልጊዜ ይሄን ትጠይቃለች። በዚያ ቀን ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ልጁም። በእጇ የያዘችውን ግንድ እየጠራረገች ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ነገረችኝ። የጥንት ኬልቶች ተረት እየተባለ የሚነገር ነው። ሲወለዱ የሞቱ ሕፃናት ነፍሳቸው ወላጆቻቸው እንዲጽናኑ ምድር ላይ አዳዲስ አበቦችን ይበትናል፤ ዴዚ ከእነዚያ አንዷ ናት ይላሉ።

«ካርዱ ላይ ግን አልጻፍኩትም» አለችኝ። «ለሁሉም ሰው የሚነገር አይደለም። ቢፈልጉ ብቻ ነው።»

ብፈልግ ብቻ። እኔም እንዲሁ አልኩ፤ እህቴ ብትፈልግ ብቻ።

ክራይሰንተመሙን ልወስድ ስል ከለከለችኝ። ጓሮ ገብታ ሻስታውን ቆርጣ አመጣች። አሥራ ሁለት ፍሬ፣ 420 ብር። ፕላስቲክ አላደረገችበትም፤ በቡናማ ወረቀት ጠቅልላ በጨርቅ ክር አሰረችው። ካርድ አላሰርኩበትም።

እንግዳው ከሄደ በኋላ እህቴና እኔ ሲኒ እያጠብን ነገርኳት። ምንም አላለችም። ሲኒውን ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው። ከዚያ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ከብርጭቆው አንዷን አበባ መዘዘችና ይዛት ቁጭ አለች። «ስም እንኳን ሳናወጣለት ቀረን እኮ» አለችኝ። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ እሱ ስታወራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። እስኪመሽ ድረስ ስለ እሱ አወራን። ሆዷ ውስጥ እያለ የቡና ጭስ ሲሸተው ይራገጥ እንደነበር ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ክራይሰንተመሙን ለምን እንደከለከለችኝ በኋላ ነው የገባኝ። ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ቤልጂየም አካባቢ ክራይሰንተመም የመቃብር አበባ ነው። በፈረንጆች ኖቬምበር መግቢያ ላይ ሙታን በሚታሰቡበት ጊዜ ሰዉ በብዛት ገዝቶ መቃብር ላይ ያስቀምጣል። ጃፓን ውስጥ ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ነው፣ ባለ 16 ቅጠል። አንድ አበባ፣ እዚያ ሐዘን እዚህ ዙፋን። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለፈረንሳዊት እንግዳ ነጭ ክራይሰንተመም ሊገዛ ሲል ይቺው ልጅ አስቁማ ጀርበራ አስይዛዋለች። እንዲህ ዓይነት አገልግሎት በገንዘብ አይተመንም።

ከዚች ቤት በፊት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሌላ ቦታ፣ ስሙ ይቅር፣ ለአንዲት ጓደኛዬ ምርቃት ሰማያዊ ዴዚ ሸጡልኝ። ሰማያዊነቱ የተፈጥሮ መስሎኝ ነበር። ነጩን አበባ ቀለም ነክረውት ኖሯል። ዝናብ ሲነካው ቀለሙ ፈሶ የተመራቂዋ እናት ነጠላ ላይ ወረደ። አዲስ ነጠላ፣ ጥለቱ ያማረ። ሴትየዋ «ምንም አይደል ልጄ» አሉኝ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ሳገኛቸው ዓይናቸውን ቀና ብዬ ማየት ይከብደኛል። ሄርማታዋ ልጅ ቀለም የተነከረ አበባ አትሸጥም። ጠይቄያታለሁ።

ጉድለት አላት ወይ? አላት። በራሱ የሚያምረው አበባ ላይ ብልጭልጭ ትነፋበታለች። ሰው ስለሚወደው ነው ትላለች። «ብልጭልጭ አታድርጊ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ካልነገራችኋት እጇ ቆርቆሮው ላይ ነው። የዩኒቨርሲቲ ምርቃት ሰሞን ዋጋዋ ይንራል፤ በአዘቦት ቀን 35 ብር የሆነው ፍሬ 60 ሲገባ አይቻለሁ። ከአዲስ አበባ የሚያመጣላት ሰው ስለሚጨምርባት ነው ብላ አስረድታኛለች፤ እውነቷን ይሆናል፣ ከኪሳችን የሚወጣው ግን ያው ነው። ስልክ ቶሎ አታነሳም። ቤት ድረስ በባጃጅ ትልካለች፤ ግን ሾፌሩን አበባው በጉልበት መሐል እንዲያዝ አደራ በሉት። አንዴ የኔን ከኋላ ጥሎት መጥቷል።

አያያዙን እኔ ልንገራችሁ። ጀርበራ ግንዱ ጸጉራም ነው፤ ብዙ ውኃ ውስጥ ካቆማችሁት ይበሰብሳል። ሁለት ሦስት ጣት ከፍታ ውኃ ይበቃዋል። ክራይሰንተመም ከግንዱ ታች ያለውን ቅጠል አራግፋችሁ፣ ጫፉን በሰያፍ ቆርጣችሁ፣ ውኃውን በየሁለት ቀኑ ከቀየራችሁለት ሁለት ሳምንት ያስከብራችኋል። ድመት ያላችሁ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የነፍሳት ማጥፊያ የሚወጣበት ፓይረትረም የዚሁ የቅርብ ዘመድ ነው፤ መልኩም ቁርጥ ነጭ ዴዚ ነው። ንጹሕ መልክ ያለው ሁሉ የዋህ አይደለም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ባለፈው መስከረም መግቢያ ላይ ልጆች ከጅሬን ኮረብታ አደይ በቅርጫት እየለቀሙ ያመጡላት ነበር። ልጆቹን ከፍላ ነው የምትቀበላቸው። አደይ ተቆርጦ ብዙ አይቆይም፤ ሁለት ቀን ነው ዕድሜው። ባልዲው ላይ ካርድ ታስሯል፣ ግን ምንም አልተጻፈበትም።

«ይሄን ለምን አልጻፍሽውም?» አልኳት። «የሩቅ አገሩን ሁሉ ጽፈሽ የራሳችንን ዴዚ ባዶ ትተዪዋለሽ?»

«የቱን ልጻፍ ቲቸር?» አለችኝ።

አያቷ፣ አኮ ነው የምትላቸው፣ አበባውን ኬሎ ነበር የሚሉት። ኬሎ ብቅ ሲል የክረምቱ ጨለማ አለፈ፣ ወንዙ ጎደለ፣ በሙላት የተለያየ ዘመድ ሊገናኝ ነው ይሉ ነበር። ለኢሬቻም ከእርጥብ ሣር ጋር ይዘው ይወጡ ነበር። የኔ እናት ደግሞ የጎጃም ሰው ናት። ጳጉሜ ሲያልቅ ሴቶች ልጆች ወጥተው እንግጫ ይነቅላሉ፤ ከአደይ ጋር ጎንጉነው ለአዲስ ዓመት ምሰሶ ላይ ያስራሉ፣ የቤቱን ሰው ራስ ላይ ያደርጋሉ። እናቴ ጅማ መጥታ አርጅታም እንኳን በየዓመቱ ጠዋት አንዷን አደይ ጸጉሬ ላይ ሳትሰካ ቡና አታፈላም ነበር።

መዳፍ በምታክል ካርድ ላይ ሁለቱም አይገቡም። አንዱን መርጠን ሌላውን መተው ደግሞ ሁለታችንም አልሆነልንም። ትልቅ ካርድ ቁረጪ አልኳት። እሺ ብላለች። እስካሁን ግን አሮጌው ካርድ ባዶውን ከነክሩ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ መስከረምን ይጠብቃል። ጅማ ያላችሁ፣ እናቶቻችሁና አያቶቻችሁ ስለ አደይ ወይም ስለ ኬሎ የነገሯችሁ ነገር ካለ፣ አበባ ባትገዙም ጎራ ብላችሁ ንገሯት። ዓርብ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በኋላ ሂዱ፤ አዲሱ አበባ የሚገባው ያኔ ነው። እስክሪብቶው ከተሰበሩት አበቦች ሳህን አጠገብ ነው።